አይስላንድን ለማየት፦ ከቪዛው እስከ በረዶ ግግሩ ጫፍ

አይስላንድ ሄደው ድካም ብቻ ይዘው የሚመለሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ስህተት ተመሳሳይ ነው፤ ደሴቲቱን በሙሉ በአምስትና በስድስት ቀን ለማዳረስ ሲሮጡ ይሰነብታሉ። ካርታው ያታልላል። ስፋቷ 103,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧም 400,000 የማይሞላ በመሆኑ «በአንድ ሳምንት እጨርሳታለሁ» ያሰኛል። ይሁን እንጂ ደሴቲቱን የሚዞረው አንድ ቁጥር መንገድ ብቻውን 1,322 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። ነፋሱ ሲነሳ መንገዱ ይዘጋል፤ አስቀድሞ የተከፈለበት ሆቴል ግን ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን አይመልስም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ አንድ ሐሳብ ይዞ ይነሳል፦ ጥቂት ቦታ ይምረጡ፣ እዚያው ይቆዩ፣ ለአየሩ ጠባይ ደግሞ አንድ ባዶ ቀን ይተዉ። ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ወራቱንና ሰዓቱን ግን በእኛው ጽፌያለሁ።

ምን ሊያዩ ነው የሚሄዱት?

አይስላንድ የሰሜን አሜሪካና የዩሬዥያ የመሬት ንጣፎች በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ እየተራራቁ በሚሄዱበት መስመር ላይ የተቀመጠች ናት። ይህ መስመር በሌላው ቦታ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር ተደብቆ ያልፋል። እዚህ ግን ከሥር የሚገፋው ቅልጥ አለት ብዙ በመሆኑ ከባሕር በላይ ወጥቶ አገር ሆኗል። የአፋርን ምድር ያየ ሰው ነገሩ ግር አይለውም፤ ኤርታ አሌንና ዳሎልን ያስገኘው የምድር መሰንጠቅም የዚሁ ዘመድ ነው። አፋር ላይ እሳቱ ከጨውና ከበረሃ ጋር ይኖራል፤ አይስላንድ ላይ ጎረቤቱ የበረዶ ግግር ነው። በነገራችን ላይ፣ በዋና ከተማዋ በሬይክያቪክ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ስለ እንፋሎት ኃይል በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥልጠና ከተካፈሉት ባለሙያዎች መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። አገሩ ለእኛ ከሚታሰበው በላይ ቅርብ ነው።

አንደኛ፦ ወቅቱን ይምረጡ

የእኛ ክረምት ሲገባ የእነሱ በጋ ይጀምራል። ሰኔ ላይ ሬይክያቪክ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው፤ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይታ ተመልሳ ትወጣለች፤ በመካከሉም ሰማዩ ሙሉ በሙሉ አይጨልምም። ሜዳው ይለመልማል፤ ፓፊን የሚባሉት ባለ ቀለም መንቁር የባሕር ወፎች ገደሉን ይሞሉታል፤ ወደ መካከለኛው ደጋ የሚወስዱት የኮረኮንች መንገዶችም ከሰኔ ማብቂያ ጀምሮ ይከፈታሉ። ሙቀቱ ግን በአብዛኛው ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ነው። «በጋ» የሚለውን ቃል ሰምተው ቀለል ያለ ልብስ ብቻ ይዘው እንዳይሄዱ። በዚህ ወቅት ዋጋው ይወደዳል፣ ሰውም ይበዛል።

ታኅሣሥ ላይ በተቃራኒው ፀሐይ የምትታየው ለአራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ወጥታ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። በበረዶ ላይ መኪና ነድቶ የማያውቅ ሰው በዚህ ወቅት ራሱ እንዲነዳ አልመክርም፤ ከሬይክያቪክ የሚነሱ የአስጎብኚ አውቶቡሶች አሉለት።

እኔ ብጠየቅ መስከረምን እመርጣለሁ። ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ማግስት ባለው ጊዜ ዋናው መንገድ በአብዛኛው ከበረዶ ነፃ ነው፤ ቀኑና ሌሊቱ ወደ እኩል ስለሚጠጉ በቀን ፏፏቴውን፣ በሌሊት ደግሞ ሰማይ ላይ የሚታየውን ባለ ቀለም የሰሜን ብርሃን ማየት ይቻላል፤ የበጋው ሕዝብም ሳስቷል። የሚያጡት ፓፊኖቹን ነው፤ እነሱ ነሐሴ ሳያልቅ ወደ ውቅያኖሱ ይመለሳሉ።

ሁለተኛ፦ ቪዛና በረራ

አይስላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ከ2001 ጀምሮ በሸንገን ክልል፣ ማለትም በአንድ የጋራ ቪዛ በሚሠሩ የአውሮፓ አገሮች ውስጥ ናት። ስለዚህ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። አሜሪካ ውስጥ በግሪን ካርድ የሚኖር፣ እንግሊዝ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው፣ ወይም ዱባይና ሪያድ የሚሠራ ኢትዮጵያዊም እንዲሁ፤ ማመልከቻውን የሚያስገባው በሚኖርበት አገር ነው። ጀርመን፣ ስዊድን፣ ኖርዌይ ወይም ጣሊያን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ግን በፓስፖርቱና በፈቃዱ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ቪዛ ሳይጠይቅ መግባት ይችላል። የአሜሪካና የእስራኤል ፓስፖርት ለያዙም ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም።

አዲስ አበባ ውስጥ የአይስላንድ ኤምባሲ የለም፤ ጉዳዩን በውክልና የሚያየው ሌላ የሸንገን አገር ነው። ውክልናው ስለሚቀያየር የአይስላንድ የኢሚግሬሽን ዳይሬክቶሬት በድረ ገጹ ላይ የሚያወጣውን ዝርዝር ከማመልከትዎ በፊት ይመልከቱ። የጉዞዎ ዋና መድረሻ ሌላ አገር ከሆነና አይስላንድን ለጥቂት ቀን የሚጨምሯት ከሆነ፣ የሚያመለክቱት ረጅም ጊዜ ለሚቆዩበት አገር ነው።

ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ሊገባ ይችላል፤ ቢዘገይ ከ15 ቀን በፊት መግባት አለበት። እስከዚያ መቆየት ግን ራስን ማስጨነቅ ነው፤ ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላልና ሁለት ሦስት ወር ቀደም ይበሉ። የአዋቂ ሰው ክፍያ ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ 90 ዩሮ ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የአሠሪ ደብዳቤና የፈቃድ ወረቀት፣ የሆቴል ማስያዣ፣ ቀን በቀን የተጻፈ የጉዞ ዕቅድ ያያይዙ። መግለጫው ላይ ያለው ገንዘብ ከተጻፈው ዕቅድ ጋር ሊመጣጠን ይገባል፤ ቪዛ መርማሪው መጀመሪያ የሚያስተያየው ይህንን ነው። ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ቲኬት አይቁረጡ።

ከአዲስ አበባ ወደ አይስላንድ ቀጥታ በረራ የለም። ፍራንክፈርት፣ ፓሪስ፣ ስቶክሆልም ወይም ኦስሎ ላይ መቀየር ይሻላል። ለንደን በካርታ ላይ አቋራጭ ብትመስልም የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ እዚያ ለማለፍ ብቻ እንኳ የእንግሊዝ የትራንዚት ቪዛ ሊጠየቅ ስለሚችል ተጨማሪ ራስ ምታት ነው። አሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖች ደግሞ ጥሩ ዕድል አለ፦ አይስላንድኤር ከዋሽንግተን አካባቢ፣ ከሲያትል፣ ከዴንቨርና ከሚኒያፖሊስ ይበራል፤ ወደ አውሮፓ ወይም ከአውሮፓ ሲጓዙም በቲኬቱ ላይ ተጨማሪ የበረራ ዋጋ ሳይጠይቅ እስከ 7 ቀን አይስላንድ ላይ እንዲያርፉ ይፈቅዳል። ወደ አገር ቤት የሚደረግ ጉዞ በአውሮፓ በኩል ከሆነ ይህንን ዕድል አስቦ ቲኬት መቁረጥ ብልህነት ነው።

ሦስተኛ፦ መኪናው

ተፈጥሮን ለማየት የሚሄድ ሰው መኪና ያስፈልገዋል። የሕዝብ አውቶቡሱ ፏፏቴው በር ላይ አያወርድም፤ የአስጎብኚ አውቶቡሱ ደግሞ ሰዓት ቆጥሮ ያስነሳል። ኬፍላቪክ አውሮፕላን ማረፊያ ከሬይክያቪክ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መኪናውን እዚያው መረከብ ይቻላል። አከራዮቹ በላቲን ፊደል የተጻፈ መንጃ ፈቃድና በተከራዩ ስም የወጣ ክሬዲት ካርድ ይጠይቃሉ፤ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ይዞ መሄድም አይከፋም።

በበጋ አንድ ቁጥር መንገድን ብቻ ለሚከተል ሰው ትንሽ መኪና ይበቃዋል። መካከለኛው ደጋ ከታሰበ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ግዴታ ነው፤ መንገዱ ወንዝ ያሻግራል፣ ድልድይ የለውም። የውሃን ጥልቀት በዓይን ገምቶ መግባት አደገኛ ነው፤ በውሃ የተበላሸ ሞተርንም አብዛኛው ኢንሹራንስ አይሸፍንም።

ኢንሹራንሱን ሲፈርሙ ሁለት ነገር ነጥለው ይጠይቁ፦ ጠጠር የሚሰብረው የፊት መስታወት፣ እንዲሁም በነፋስ የሚነሳ አሸዋና አመድ የሚልጠው ቀለም። ሦስተኛው ጉዳት የመኪና በር ነው። የአይስላንድ ነፋስ በር ከእጅ መንጭቆ ወደ ፊት ያጥፈዋል፤ ይህንንም ብዙዎቹ ውሎች አይሸፍኑም። ስለዚህ መኪናውን አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙረው ያቁሙ፤ በሩን በአንድ እጅ ከውስጥ አጥብቀው ይዘው በጥቂቱ ይክፈቱ፤ ልጆችዎን ደግሞ ራስዎ ወርደው ይክፈቱላቸው።

ፍጥነቱ በከተማ 50፣ በጠጠር 80፣ በአስፋልት 90 ነው። መብራት ቀን ከሌሊት ይበራል። ባለ አንድ መስመር ድልድይ ላይ ቀድሞ የቀረበው ያልፋል። በጎች በበጋ ያለ እረኛ ይሰማራሉ፤ እናቲቱ በመንገዱ ማዶ፣ ግልገሉ በወዲህ ካለ ፍጥነትዎን ይቀንሱ፣ ግልገሉ ሮጦ መሻገሩ አይቀርም። ከመንገድ ወጥቶ መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። ቅልጥ አለቱን የሸፈነው ለስላሳ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት በጎማ ከተቀደደ ለመዳን አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል፤ በእግር መርገጥም ያው ነው። ለአንድ ፎቶ ብሎ ይህንን የሚረግጥ ሰው ሳይ እናደዳለሁ፤ ከእኛ ወገን ማንም እንዳያደርገው እለምናለሁ።

ነዳጅ ማደያው ሠራተኛ የሌለው ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑ ባለ 4 አኃዝ የምስጢር ቁጥር ያለው ካርድ ይጠይቃል። ከአገር ቤት የሚነሱ ከሆነ ካርድዎ በውጭ አገር መሥራቱንና የምስጢር ቁጥሩን ባንክዎ ዘንድ ያረጋግጡ። ጥሬ ክሮና (የአገሩን ገንዘብ) መያዝ አያስፈልግም፤ ቡናም በካርድ ነው።

አራተኛ፦ ልብስና ስንቅ

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልግዎ ውሃና ነፋስ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ ነው። ከሥር የሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ስስ ልብስ፣ ከላዩ ወፍራም ሹራብ ይደርባል። ጥጥ አንዴ ከረጠበ ብርድ ያመጣል፤ ጂንስ ሱሪም እንዲሁ። ጃንጥላ ቤትዎ ይቅር፤ ዝናቡ ከጎን ነው የሚመጣው። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ውሃ የማያስገባ ጫማ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ የዋና ልብስና ፎጣ ይያዙ። ለበጋ ደግሞ ዓይንን የሚሸፍን ጨርቅ፤ ብርሃኑ እንቅልፍ ይነሳል።

ምግብ ቤት ውድ ነው። ቦነስና ክሮናን በሚባሉት ሱፐርማርኬቶች አስቤዛ ገዝቶ ማብሰያ ባለው የእንግዳ ማረፊያ መሥራት ወጪውን በብዙ ይቀንሳል። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ቆሎ ይዞ መሄድ ለጾመኛም ለሌላውም ስንቅ ነው። ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ ግን ከአውሮፓ ውጭ ይዞ መግባት ክልክል በመሆኑ ይተዋቸው። ውሃ አይግዙ፤ የቧንቧው ቀዝቃዛ ውሃ ከምንጭ የሚመጣና ንጹሕ ነው። ሙቅ ውሃው የበሰበሰ ዕንቁላል ሽታ ቢኖረው አይደንግጡ፤ ከመሬት ሥር የመጣ ድኝ ነው፣ አይጎዳም።

አምስተኛ፦ በየማለዳው የሚደረግ

ከመነሳትዎ በፊት ሁለት ነገር ይመልከቱ፦ የአይስላንድ ሜትሮሎጂ ቢሮን ትንበያና የመንገድ ባለሥልጣኑን ካርታ። ሙቀቱን አይደለም፣ የነፋሱን ፍጥነት ያንብቡ። በሰከንድ 15 ሜትር ካለፈ ቁመቱ ከፍ ላለ መኪና አስቸጋሪ ነው፤ 20 ካለፈ ጉዞውን ያዘግዩ። ማስጠንቀቂያው ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ነው፤ ብርቱካንማ ሲሆን ሆቴልዎ ይቆዩ። የአደጋ ስልክ ቁጥሩ 112 ሲሆን፣ ያሉበትን ቦታ ለአዳኞች የሚልክ የራሱ የስልክ መተግበሪያ አለው፤ አስቀድመው ይጫኑት። የነፍስ አድን ሠራተኞቹ በበጎ ፈቃድ ሥራቸውን ጥለው የሚወጡ ሰዎች ናቸው።

ስድስተኛ፦ መንገዱ

ስምንት ቀን ላለው ሰው የማቀርበው ሬይክያቪክን፣ ወርቃማው ክብ የሚባለውን ዙርና ደቡባዊውን ዳርቻ ብቻ ነው።

*የመጀመሪያው ቀን።* ከአውሮፕላን ወርዶ ወዲያው ረጅም መንገድ አይነዳም። ሬይክያቪክ ይደሩ፤ ማምሻውን ከሕዝብ መዋኛዎቹ በአንዱ ይዘፈቁ።

*ሁለተኛው ቀን፣ ወርቃማው ክብ።* በማለዳ ቲንግቬትሊር። አይስላንዳውያን በ930 ሸንጎአቸውን ያቆሙት፣ በ1944 ሪፐብሊካቸውን ያወጁት እዚህ ሜዳ ላይ ነው፤ ከ2004 ጀምሮም የዓለም ቅርስ ነው። በሁለት የጥቁር ድንጋይ ግድግዳዎች መካከል ያለውን መንገድ በእግር ይውረዱ፤ ምድር ስትራራቅ የተወችው ስንጥቅ ነው።

ከዚያ ወደ ጌይሲር። ዋናው ፍል ውሃ ዛሬ ብዙውን ጊዜ ዝም ያለ ነው፤ ጎረቤቱ ስትሮኩር ግን በየ6 እስከ 10 ደቂቃው 15 እና 20 ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይተፋል። ሰዎች ስልካቸውን ደቅነው ውሃው ሲወነጨፍ ብቻ ይጠብቃሉ፤ ይበልጥ የሚያምረው ግን ከዚያ በፊት ያለው ቅጽበት ነው። ኩሬው የተኛ ሰው ደረት ይመስል ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንዴ ይሞላል፣ ይጎድላል፣ ደግሞ ይሞላል። ከዚያ በድንገት መሃሉ አብጦ ጥርት ያለ ሰማያዊ ጉልላት ይሆናል፣ ውስጡ ነጭ እንፋሎት ሲመጣ ይታያል፣ ይፈነዳል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሁለት ሰከንድ አይበልጥም። ስልክዎን ኪስዎ ከትተው ሁለት ሦስት ጊዜ በዓይንዎ ይዩት። ነፋሱ ከሚነፍስበት ወገን ይቁሙ፤ ገመዱንም አይሻገሩ፣ ውሃው የፈላ ነው።

ጉልፎስ የሚባለው ፏፏቴ ቅርብ ነው። ወንዙ በሁለት ደረጃ 32 ሜትር ወርዶ ጠባብ ገደል ውስጥ ይሰወራል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለኤሌክትሪክ ሊገደብ ታስቦ ነበር፤ ሲግሪዱር ቶማስዶቲር የምትባል የአካባቢው ገበሬ ልጅ ፏፏቴውን ለማዳን ያደረገችው ትግል በአገሬው ዘንድ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ምስሏ የተቀረጸበት ድንጋይም እዚያው ቆሟል። ማታ ወደ ሬይክያቪክ አይመለሱ፤ ሴልፎስ ወይም ሄትላ አካባቢ ይደሩ፣ የነገው መንገድ ያጥራል።

*ሦስተኛው ቀን፣ ፏፏቴዎቹ።* ሴልያላንድስፎስ 60 ሜትር ይወርዳል፤ ልዩ የሚያደርገው ከውሃው መጋረጃ በስተ ጀርባ መዞር መቻሉ ነው። ሙሉ በሙሉ ይረጥባሉ፤ የዝናብ ሱሪው የተገዛው ለዚህ ነው። ከዚያው በግራ በኩል ጥቂት ደቂቃ ቢራመዱ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የተደበቀ ግሊዩፍራቡይ የሚባል ሌላ ፏፏቴ አለ፤ ብዙ ሰው ሳያየው ይመለሳል። ስኮጋፎስም 60 ሜትር ነው፤ ፀሐይ ከወጣ ቀስተ ደመናው በጭጋጉ ላይ ይቆማል። በጎኑ ያለውን ረጅም ደረጃ ወጥተው ወንዙን ወደ ላይ ቢከተሉ ሌሎች ብዙ ፏፏቴዎች ይከታተላሉ፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ ቢሄዱ ከሕዝቡ ይለያሉ። ከዚህ በላይ ያለው ኤይያፍያላዮኩል በ2010 ፈንድቶ አመዱ የአውሮፓን ሰማይ ለቀናት የዘጋው ተራራ ነው።

አዳር ቪክ። ከመንደሩ አጠገብ ጥቁሩ የሬይኒስፍያራ ዳርቻ አለ፤ እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ማድረግ እፈልጋለሁ። ማዕበሉ ክፍት ውቅያኖስ አቋርጦ ኃይሉን ሳያጣ ይደርሳል፤ የባሕሩ ወለል ደግሞ ከዳርቻው ወዲያው ይዘቀዝቃል። ብዙ ትንንሽ ማዕበል ከመጣ በኋላ ሳይታሰብ አንድ ትልቅ ይመጣና እስከ ድንጋይ ዓምዶቹ ድረስ ይጠርጋል። ሰዎች ሞተውበታል፤ ሕፃናትም አሉበት። የማስጠንቀቂያ መብራቱን ያንብቡ፣ የልጅ እጅ አይልቀቁ፣ ለባሕሩ ጀርባ ሰጥተው ፎቶ አይነሱ። መብራቱ ቀይ ከሆነ ወደ አሸዋው አይውረዱ፤ ዲርሆላኤይ ከሚባለው ኮረብታ ሆነው ሙሉውን ዳርቻ ከላይ ማየት ይችላሉ፣ ዕይታውም ይበልጣል።

*አራተኛው ቀን።* ከቪክ በስተ ምሥራቅ መንገዱ በሽበት በተሸፈነው የኤልድራውን የቅልጥ አለት ሜዳ ውስጥ ያልፋል። ይህ ሜዳ በ1783 ላኪ በተባለው ስንጥቅ በኩል መፍሰስ ጀምሮ ስምንት ወር ያህል በቆየ ቅልጥ አለት የተፈጠረ ነው። መርዛማ ጋዙ ሣሩን መረዘ፣ ከብቱ አለቀ፣ ከአይስላንድ ሕዝብ አንድ አምስተኛው ገደማ በረሃብ ሞተ። ሳይንቲስቶች በዚያው ዘመን የአፍሪካ የክረምት ዝናብ መዳከሙንና የናይል ውሃ መጉደሉን ከዚህ ፍንዳታ ጋር ያያይዙታል። የዓባይን ውሃ የሚልክ ደጋ ልጅ ለሆነ ሰው እዚህ ሜዳ ዳር ቆሞ ይህንን ማሰብ ቀላል ነገር አይደለም። መኪና ማቆሚያ ባለበት ቦታ ወርደው ጥቂት ይቆዩ።

ከሰዓት በኋላ ስካፍታፌል ይደርሳሉ። ስቫርቲፎስ የሚባለውን ፏፏቴ ለማየት ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ይወጣል፤ ውሃው የሚወርደው ተንጠልጥለው በሚታዩ ባለ ስድስት ማዕዘን ጥቁር የድንጋይ ዓምዶች መካከል ነው። ሬይክያቪክ ያለው ረጅሙ የሃትልግሪምስ ቤተ ክርስቲያን ቅርጹን ከእንዲህ ያሉ ዓምዶች ወስዷል።

*አምስተኛው ቀን፣ በረዶው።* ቫትናዮኩል የአገሪቱን 8 በመቶ ገደማ የሚሸፍን የበረዶ ግግር ነው። ላዩ ላይ ያለ መሪ አይወጣም፤ ስንጥቆቹ በስስ በረዶ ተሸፍነው ስለማይታዩ ነው። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ሹል ጥርስ ያለው የጫማ ብረትና የራስ ቁር ይሰጣል። የበረዶ ዋሻ ለማየት ትክክለኛው ጊዜ ብርዱ የጠናበት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በ2024 ነሐሴ ላይ በበጋ የበረዶ ግግሩን በመጎብኘት ላይ ሳለ በረዶ ተደርምሶበት የሞተ ጎብኚ አለ፤ በሙቀት ወራት የሚቀርብልዎትን የዋሻ ጉብኝት በጥንቃቄ ይመዝኑት።

ከግግሩ የሚሰበሩት በረዶዎች የሚንሳፈፉበት ሐይቅ ዮኩልሳርሎን ይባላል። ሐይቁ ከመቶ ዓመት በፊት አልነበረም፤ ግግሩ እያፈገፈገ በሄደ ቁጥር የተፈጠረና ዛሬም እየሰፋ ያለ ነው። በረዶዎቹ በአጭር መውጫ ወደ ባሕር ይወጣሉ፤ ማዕበሉ መልሶ ጥቁሩ አሸዋ ላይ ይጥላቸዋል። አንዱን ቀረብ ብለው ይዩት፤ ውስጡ የታሰሩ የአየር ጠብታዎችና ስስ የአመድ መስመሮች አሉት፤ የጥንት ፍንዳታ የተወው ነው። ሰማያዊ የሚመስለው፣ የታመቀው በረዶ ቀዩን ብርሃን ስለሚውጥ ነው። ማለዳ ወይም ወደ ማታ ይሂዱ። አዳሩን ሆብን ወይም በአቅራቢያው ካሉ የገበሬ ማረፊያዎች በአንዱ ያድርጉ፤ አካባቢው ሆቴል ስለሚያጥረው ወራት ቀድመው ይያዙ።

*ስድስተኛው ቀን ባዶ ነው።* አየሩ ከከፋ በዚህ ቀን ይካካሳል፤ ካልከፋ ሐይቁን ደግመው ያዩታል። ይህንን ቀን በሌላ ነገር አይሙሉት።

*ሰባተኛውና ስምንተኛው ቀን* የመመለሻ ናቸው፤ ከሐይቁ እስከ ሬይክያቪክ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መንገድ ላይ አንድ አዳር ያድርጉ።

ሰባተኛ፦ ፍል ውሃ

የፍል ውሃና የጠበል አገር ልጅ የሚደነቀው በውሃው ሙቀት ሳይሆን በሥርዓቱ ነው። ወደ መዋኛው ከመግባትዎ በፊት በጋራ መታጠቢያው ራቁትዎን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው፤ ወንዱም ሴቱም በየክፍሉ። ውሃው ክሎሪን እምብዛም ስለማይጨመርበት ንጽሕናው የሚጠበቀው በዚህ ነው። ማንም ማንንም አያይም። የሚያፍሩ ከሆነ መጋረጃ ያለበትን ጥግ ይጠይቁ፤ ብዙ ቦታ አለ። ስመ ጥሩው ብሉ ላጉን ውሃውን የሚያገኘው ከስቫርትሴንጊ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ነው፤ ዋጋው ውድ ነው። የየመንደሩ መዋኛ በጥቂት ገንዘብ ያንኑ እፎይታ ይሰጣል፤ ገበሬውና አስተማሪው ጉዳያቸውን የሚጨዋወቱትም እዚያ ነው።

ብሉ ላጉን ያለበት የሬይክያኔስ ልሳነ ምድር ከ2021 ጀምሮ በተደጋጋሚ ፈንድቷል። በኅዳር 2023 የግሪንዳቪክ ከተማ ነዋሪዎች በአንድ ሌሊት እንዲወጡ ተደርጓል፤ በጥር 2024 ቅልጥ አለቱ ጥቂት ቤቶችን በልቷል። ፍንዳታ ካለ ባለሥልጣናቱ የፈቀዱትን መንገድ ብቻ ይከተሉ። ላዩ የጠቆረ ቅልጥ አለት ውስጡ የጋለ ሊሆን ስለሚችል አይረገጥም፤ ጋዙም በቆላማ ቦታ ይጠራቀማል።

ስምንተኛ፦ የሰሜን ብርሃን

ከነሐሴ ማብቂያ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ይታያል። የሚያስፈልገው ጨለማ፣ ደመና የሌለው ሰማይና ትዕግሥት ነው። የሜትሮሎጂ ቢሮው የደመና ካርታ ያወጣል፤ ነጭ ሆኖ የሚታየው ቦታ ጥርት ያለ ሰማይ ነው። መኪናዎን መንገድ ዳር ሳይሆን በማቆሚያ ቦታ ያቁሙ፣ መብራቱን ያጥፉ፣ ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ይጠብቁ። መጀመሪያ ፈዛዛ ደመና ሊመስል ይችላል፤ የስልክዎ ካሜራ በሌሊት ማንሻው አረንጓዴ ካሳየዎ እሱ ነው። አንዳንዱ ሌሊት ምንም አይታይም፤ ስለዚህ የጉዞዎን ደስታ በእሱ ላይ ብቻ አያንጠልጥሉ።

ተጨማሪ ቀን ካለ

አሥር አሥራ ሁለት ቀን ያለው ሰው ዙሩን ይቀጥል። ሰሜኑ ሌላ ዓለም ነው። ዴቲፎስ 44 ሜትር ቁመትና 100 ሜትር ወርድ ያለው ግራጫ ፏፏቴ ነው፤ ምዕራባዊው ወገን በአስፋልት ይደረሳል። ሚቫትን ሐይቅ አጠገብ ያለው ክቬሪር የሚፈላ ጭቃና የድኝ ሽታ የሞላበት ሜዳ ነው፤ ዳሎልን ያዩ ሰዎች ልዩነቱን ራሳቸው ይፍረዱ። የሚቫትን ትንኝ በበጋ ፊት ላይ ስለሚሰፍር መረብ ይግዙ። ሁሳቪክ ላይ በጀልባ ወጥቶ ዓሣ ነባሪ ማየት ይቻላል። አኩሬይሪ አጠገብ ያለው የቫድላሄይዲ ዋሻ መንገድ ክፍያው በኢንተርኔት ብቻ ነው፤ ካልከፈሉ ቅጣቱ በመኪና አከራዩ በኩል ይመጣል።

የመመለሻው ቀን

ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ብዙ በረራዎች ማለዳ ስለሚነሱ የመጨረሻውን አዳር ኬፍላቪክ አካባቢ ያድርጉ። ማታውኑ ነዳጅ ሞልተው መኪናውን ይጠቡ፤ በአራቱም ጎን፣ የፊት መስታወቱንና የነዳጅ መለኪያውን ጨምሮ ፎቶ ያንሱ። ቁልፉ በሣጥን ውስጥ በሚጣልበት ሰዓት ከደረሱ ማስረጃዎ እነዚያ ፎቶዎች ናቸው። የአገሬውን የሱፍ ሹራብ ከገዙ ደረሰኙንና የታክስ ተመላሽ ቅጹን በእጅ ሻንጣዎ ይያዙ፤ ሹራቡንም ሊጠየቁ ስለሚችሉ፣ ሻንጣዎን ከማስረከብዎ በፊት የተመላሽ ቢሮውን ይጎብኙ።